ሙዚቃ ለወደደ ልጅ ስንቁን ማን ይቋጥርለታል?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በእድር ድንኳን፣ በማኅበርና በሠርግ ቤት የሚያገኙኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ነው። ዕድሜዬን በነርስነት ስላሳለፍኩ አይገርመኝም። በቅርብ ዓመታት ግን አንድ ሌላ ጥያቄ እየተደጋገመ መጥቷል፤ «ሲስተር፣ ልጄ ሙዚቀኛ ካልሆንኩ ብሎ አስቸገረኝ፤ ምን ይሻለኛል?» የሚል። ጠያቂዎቹ ሙዚቃን የሚጠሉ ሰዎች አይደሉም። የጥላሁን ዘፈን ሲከፈት ዓይናቸው እንባ የሚያቀር ናቸው። የሚያስጨንቃቸው ልጃቸው በዚህ ሥራ በልቶ ማደር መቻሉ ነው።

እኔ በልጅነቴ የሰማሁት ተቃውሞ ሌላ ነበር። ያኔ አባቶች የሚቆጡት «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብለው ነው። ነገሩ የዘርና የክብር ጉዳይ ነበር። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ለሠርግ ይፈለጋል፣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል፣ ልጁን የሚድርለት ግን ብዙ አልነበረም። ዛሬ ያ ንቀት ጨርሶ ባይጠፋም ለዝቧል። ዘፋኝ ሲያልፍ አብሮት ፎቶ ለመነሣት የሚሻማው ብዙ ነው። ስለዚህ የዛሬው ክርክር የእንጀራ ክርክር ነው፤ ይህ ቤት ልጁን ስንት ዓመት ሊሸከመው ይችላል? የሚል። ይህን በግልጽ አንሥቶ መነጋገር ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። በብዙ ቤት ውስጥ «ተሰጥኦ አለው፣ የለውም» እየተባለ የሚጨቃጨቁት በእውነቱ ስለ ገንዘብ ነውና።

ከደህና ቤት የተነሡት

በፒያኖ ሥራቸው ዓለም ያወቃቸውን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን እናስታውስ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። ገና የ6 ዓመት ልጅ ሳሉ ከእህታቸው ጋር ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ፤ ከሙዚቃ ጋር የተዋወቁት እዚያ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ ደግሞ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮዊች ከተባለ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። በዚያን ዘመን የአገራችን ሴት ልጅ ፒያኖና ቫዮሊን ለመማር እንዲህ ያለ አባት ያስፈልጋት ነበር። ሆኖም ወደ ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን የሚቀጥሉበት ዕድል ሲዘጋባቸው የአባታቸው ሀብትና ስም ሊያስከፍተው አልቻለም። በወጣትነታቸው ዓለምን ትተው ግሸን ማርያም ገቡና 10 ዓመት ያህል በምናኔ ኖሩ። በኋላ ወደ ፒያኖው ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን ውስጥ ታተመ፤ ገቢውንም ለችግረኞች መርጃ አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ።

ሙላቱ አስታጥቄም ጅማ ተወልዶ በወጣትነቱ ቤተሰቡ ኢንጂነሪንግ እንዲማር ወደ ዌልስ የላከው ነው። እዚያ ሳለ ልቡ ወደ ሙዚቃ አዘነበለ። ለንደን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም ቦስተን በሚገኘው በርክሊ ተማረ። ኢትዮ ጃዝ የምንለው ነገር የተወለደው ከዚህ መንገድ ነው።

ከሁለቱ ታሪክ የምረዳው ነገር አለ። የቤተሰብ አቅም ለልጅ የሚሰጠው መሣሪያና መምህር ብቻ አይደለም። ሐሳብን የመለወጥ ጊዜም ይሰጣል። የሙላቱ ቤተሰብ ኢንጂነሩ ልጃቸው የሚልከውን የመጀመሪያ ደመወዝ ቆጥሮ የሚጠብቅ ቤተሰብ ቢሆን ኖሮ፣ ወጣቱ ዌልስ ላይ ሐሳቡን ለመለወጥ ምን ያህል ይደፍር ነበር?

ከችግር ቤት የወጡትስ?

«ታዲያ ድሃ አይዘፍንም ማለትሽ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ይዘፍናል እንጂ! ማህሙድ አህመድ መርካቶ ያደገ፣ ጫማ የጠረገ፣ አሪዞና በሚባለው ክለብ ተላላኪነትና ጥቃቅን ሥራ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ከዚያ ተነሥቶ አገር የሚያንቀጠቅጥ ድምፃዊ ሆነ። ጥላሁን ገሠሠም አያቱ ትምህርትህ ላይ አተኩር እያሉት ነው ልቡ ወደ ዘፈን የሸፈተው።

ነገር ግን ልብ ብለን እንይ። ጥላሁን ወዴት ገባ? መጀመሪያ ሐምሌ 11 ቀን 1927 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተው ሀገር ፍቅር፣ ከዚያ ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ። ማህሙድም ክብር ዘበኛ ገባ። ዓለማየሁ እሸቴ ፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ ነበር። እነዚህ ቤቶች ለሙዚቀኛው ደመወዝ፣ የደንብ ልብስና የመለማመጃ አዳራሽ ይሰጡ ነበር። ትራምፔቱም ሳክስፎኑም የቤቱ ንብረት ነው። ከደህና ቤት ያልተወለደ ልጅ አባቱ ሊገዛለት ያልቻለውን ከመንግሥት እጅ አገኘ። እርግጥ ደመወዝ ባለበት አለቃም አለ፤ ዩኒፎርም የለበሰ ሙዚቀኛ እንደ ልቡ አይሆንም ነበር። ቢሆንም ወሩ ሲያልቅ የሚጠብቀው ነገር ነበረው።

ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የሚባሉት አርመኖች ነበሩ። ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ ልጆች ናቸው። አባት የሌላቸው ልጆች የአገሪቱ ይፋዊ የሙዚቃ ጓድ ለመሆን የበቁት አስተማሪ፣ መኖሪያና ደመወዝ ስለተሰጣቸው ነው። በደርግ ጊዜም የቀበሌና የከፍተኛ ኪነት ቡድኖች ስንቱን ልጅ ጊታር አስይዘዋል። ፖለቲካውን እንተወውና፣ ጊታሩ የቀበሌው ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ይደንቀኛል። ዜማ ለመማር ዓመታት ያስፈልጋሉ። ጾመ ድጓና ድጓ፣ ዝማሬና መዋሥዕት፣ አቋቋም እያለ የሚሄደው ተማሪ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ይዞራል፤ ለድጓ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ዘመን የሚቀልበው ማን ነው? ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ የሚሰጠው የሰፈሩ ሰው ነው። አንዱ ቤት ብቻውን የማይችለውን ወጪ መንደሩ በቁራሽ እየተከፋፈለ ይከፍለዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ዛሬ ወጪው በማን ጫንቃ ላይ ነው?

ዛሬ በደመወዝ የሚቀጥሩ ቤቶች ጨርሰው አልጠፉም። ብሔራዊ ቴአትር፣ ሀገር ፍቅር፣ የመከላከያና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች አሉ። ግን ሙዚቀኛ መሆን የሚፈልገው ወጣት ከቦታው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከእነዚህ ውጭ ያለው ልጅ ሁሉንም ከኪሱ ይከፍላል። አንድ ነጠላ ዜማ ለማውጣት ለግጥሙ፣ ለዜማው፣ ለቅንብሩ፣ ለስቱዲዮው፣ ለሚክሲንግና ማስተሪንጉ፣ በመጨረሻም ለክሊፑ ይከፈላል። በካሴት ዘመን ሙዚቃ ቤቱ ሥራውን ይገዛና ወጪውን ይሸፍን ነበር። ዘፋኙ አንድ ጊዜ በተሰጠው ብር ቢጎዳም፣ ዕዳ ተሸክሞ አይጀምርም። አሁን ብዙው ወጣት በራሱ ወይም በቤተሰቡ ገንዘብ ሠርቶ ዩቲዩብ ላይ ይጭንና ተመልካች ይጠብቃል። ካልታየለት ሁለተኛ ዕድል የሚኖረው እንደገና የሚከፍልለት ሰው ያለው ልጅ ነው።

በሰፈራችን ሁለት እኩዮች አሉ። ሁለቱም ኪቦርድ ይጫወታሉ፤ የተማሩትም በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። የአንደኛው ወላጆች የሚያከራዩት ቤት አላቸው። እሱ ቀን ይለማመዳል፣ ማታ ይተኛል፣ የማይወደውን ሥራ «አይመቸኝም» ይላል። ሁለተኛው እናቱንና ሁለት እኅቶቹን የሚያስተዳድር ነው። ሠርግም፣ ምርቃትም፣ የምሽት ቤትም የጠራውን ሁሉ ይሄዳል። በጆሮ ማን ይበልጣል ብትሉኝ ሁለተኛው ነው። ግን በሳምንት አምስት ሌሊት የሚሠራ ልጅ ቀን ላይ ምን ጉልበት ኖሮት አዲስ ነገር ይማራል? አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንደኛው በልጦት ሄደ። ሰፈሩም «እሱኮ ተሰጥኦ ስላለው ነው» ይላል። እኔ ይህን ስሰማ ዝም ማለት ያቅተኛል። የሚበዛው ልዩነት ያለው እንቅልፍ ላይ ነው።

በሥራ ዘመኔ ያየሁት

አንድ ጊዜ በተመላላሽ ክፍል ስሠራ ድምፁ ሙሉ በሙሉ የጠፋበት ዘፋኝ መጣ። ወቅቱ የጥር ሠርግ ነበር። የድምፅ አውታሩ ላይ ትንንሽ እብጠት ወጥቶበታል። ሐኪሙ ድምፁን እንዲያሳርፍና ለሁለት ሳምንት እንዳይዘፍን ነገረው። ሐኪሙ ሲወጣ ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ፣ «ሲስተር፣ ሁለት ሳምንት ካልዘፈንኩ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልልኛል?» አለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሊዘፍን እንደሚሄድ ዓይኑ ይናገር ነበር። የታዘዘለት መድኃኒት ዕረፍት ነው፤ እሱም አቅሙ የማይችለው ዕረፍትን ነበር።

ወላጆች ይህን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን መታየት አለበት፤ በማርና በዝንጅብል ብቻ አይታለፍም። ጆሮም እንዲሁ ነው። በሥራ ጤና ሙያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የሚፈቀድ መጠን ተደርጎ ይወሰዳል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል ሲጨምር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የሚቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በምሽት ቤት ከድምፅ ማጉያ አጠገብ ሌሊቱን የሚቆም ልጅ የጆሮ መድፈኛ ያስፈልገዋል። በዚያ ላይ ሌሊቱን ለመግፋት የሚቃም ጫት፣ እንቅልፍ ለማምጣት የሚጠጣ መጠጥ አለ። ይህን «የአርቲስት ጠባይ» ብለው የሚያልፉት አሉ። እኔ ያየሁት ግን አብዛኛው መነሻው የሥራው ሰዓትና የገንዘቡ ጭንቀት መሆኑን ነው።

ስመ ጥር የነበረ ሙዚቀኛ ሲታመም የእርዳታ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በቴሌቪዥን ሲነገር ሁላችንም አይተናል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ። ከሠርግ ሠርግ የሚዞር ሙዚቀኛ ግን 11 በመቶውን የሚያዋጣለት አሠሪ የለውም። ጭብጨባ ጡረታ አያስከብርም።

ገንዘብ ሲበዛስ?

አቅም ያላቸው ወላጆችም እንዳይሳሳቱ። ውድ ጊታር ገዝተው፣ ስቱዲዮ ከፍተው፣ ክሊፕ አሠርተው፣ ልጃቸው ግን በቀን አንድ ሰዓት እንኳ ሳይለማመድ የቀረባቸውን አውቃለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለሙዚቃም ይሠራል፤ እንቁላሉን ግን በገንዘብ ኃይል ቀድሞ ማስፈልፈል አይቻልም። ልጁ «ጎበዝ ነህ» የሚለው የሚከፈለው ሰው ብቻ ከሆነ እውነቱን የሚነግረው አያገኝም። ገንዘቡ መሄድ ያለበት መጀመሪያ ወደ መምህር፣ ከዚያ ወደ መሣሪያ፣ በመጨረሻ ወደ ክሊፕ ነው። ብዙዎች ከክሊፑ ይጀምራሉ።

ታክሲ ውስጥ የተቀመጠው ኪቦርድ

«ሙዚቃ ወይም ሥራ» ብለው ልጃቸውን ለሚያፋጥጡ ወላጆች የኃይሉ መርጊያን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ዋሽንግተን ቀረ። የመድረክ ሥራ ሲቀዘቅዝ ታክሲ መንዳት ያዘ። ለብዙ ዓመታት በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እየጠበቀ መንገደኛ ያመላልስ ነበር። በመኪናው ውስጥ ግን በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ነበረው። ተራው እስኪደርስ ድረስ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. በ1985 በካሴት ያወጣው ሥራ በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ፈልጎ አገኘው፤ ወደ መድረክም ተመለሰ። ያን ጊዜ ጣቶቹ ዝግጁ ነበሩ።

ታክሲው ቤቱን አኖረለት፤ የማይፈልገውን ሙዚቃ ለእንጀራ ሲል ከመጫወትም አዳነው። ሁለተኛ ሙያ ለሙዚቀኛ ልጅ የሽንፈት ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም።

በእኛ ቤት

ይህን ሁሉ የምጽፈው ነገሩ የእኛንም ቤት ስላንኳኳ ነው። የትልቋ ልጄ ልጅ 19 ዓመቷ ነው፤ ክራር ትጫወታለች። የ12ኛ ክፍል ውጤቷ ሌላ ትምህርት የሚያስመርጣት ሆኖ ሳለ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ካልገባሁ አለች። አባቷ በደመወዝ የሚኖር፣ ቤት ተከራይቶ ሦስት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነው። ተሰብስበን ስንነጋገር ክራሯን አልነቀፈም። «እማማ፣ እሷ የመጀመሪያ ልጄ ናት። እኔ ነገ ብታመም ታናናሾቿን ማን ያስተምርልኛል?» ነው ያለኝ። ክፋት የለበትም፤ እውነቱን ነው። በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ የታናናሾቹ ጡረታ ጭምር ነው።

እሷም ዝም አላለችም። «አባባ፣ እኔ ታዋቂ ልሁን አላልኩም፤ ክራር ልማር ነው ያልኩት» አለችው። ይህ አነጋገሯ ለእኔ ብዙ ነገር ገለጠልኝ። ዝና የሚፈልግ ልጅና ሙያ የሚፈልግ ልጅ የሚያስወጡት ወጪ አንድ አይደለም። ሙያ የያዘ ልጅ በትምህርት ቤት ያስተምራል፣ በግል ያስጠናል፣ በባህል ቡድን ይሠራል። ዝና የሚፈልገው ግን እስኪቀናው ድረስ የሚደግፈው ሰው ይሻል።

በመጨረሻ ተስማማን። የመግቢያ ፈተናውን ትፈተናለች። ካለፈች ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ቀለብና መኝታ የአያት ነው። ትራንስፖርቷን ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ልጆች እያስጠናች ራሷ ትሸፍናለች። አጎቷ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ለታናናሾቿ ትምህርት ያስቀምጣል፤ አባቷን ያሳሰበው እሱ ነበርና። በየዓመቱ መስከረም ላይ ተቀምጠን እንገመግማለን። አባቷ ፊቱ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም፤ ግን ፈርሟል። አዎ፣ በደብተር ጽፈን ተፈራርመናል።

ለወላጆችና ለአያቶች

ከዚህ ሁሉ የቀሰምኩትን በአጭሩ ላስቀምጥ።

1. ከልጁ ጋር ስለ ገንዘብ በግልጽ ተነጋገሩ። «ይህን ያህል ዓመት፣ ይህን ያህል ብር እንችላለን፤ ከዚያ በላይ አንችልም» በሉት። አቅማችሁን የማያውቅ ልጅ ወይ ያለ ልክ ይጠይቃል፣ ወይ ፈርቶ ዝም ይላል።

2. ለመሣሪያ በዕቁብ ቆጥቡ እንጂ አትበደሩ። ለጀማሪ ያገለገለ ጊታር ወይም ኪቦርድ ይበቃዋል። ክራርና ዋሽንት ደግሞ ከሁሉም ይረክሳሉ።

3. አያቶች ገንዘብ ባይኖረን ጸጥ ያለ ክፍልና ትኩስ ምግብ አለን። ለሚለማመድ ልጅ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

4. ከሙዚቃው ጎን የሚሄድ ሁለተኛ ሙያ ይያዝ። ማስተማር፣ የድምፅ ቅጂ፣ የመሣሪያ ጥገና ከሙዚቃው ሳይርቅ ያኖረዋል።

5. ውል ሳይጻፍ ሥራ አይስጥ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 የሥራ አመንጪውን መብት ይጠብቃሉ። የግጥምና የዜማ ደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካለፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። ዛሬ በችኮላ የተሸጠ ዜማ የልጅ ልጅ ርስት ሊሆን የሚችል ነው።

6. ደመወዝተኛ ያልሆነ ልጅ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ይሁን፤ በየዓመቱም ያድስ። እድርም ይግባ። ሙዚቀኛም ይታመማል፤ ቤቱም ለቅሶ ይገባል።

7. ቤቱን የሚያስተዳድረው ልጁ ከሆነ፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሌሊት እንዲያርፍ ሸክሙን ተከፋፈሉት። እኅት ወንድሞች ይህ የእናንተም ድርሻ ነው።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ለሙዚቃ ከልቡ የተነሣ ልጅ በችግርም ውስጥ ያልፍ ይሆናል። ግን ያለፉትን ስናደንቅ፣ ከአጠገባቸው የነበረውን ክብር ዘበኛ፣ ቀበሌ፣ ቁራሽ የሰጠ ጎረቤት አንርሳ። ዛሬ ያ ሁሉ ሲሳሳ የቀረው ቤተሰብ ነው። የልጅ ልጄ ፈተናዋ ደርሷል። ማታ ማታ የክራሯን ድምፅ እየሰማሁ ምጣዴን አሟሻለሁ፤ ስንቁ ከዚህ ይጀምራልና። ልጆቻችሁን ይባርክላችሁ፤ እጃቸውም ድምፃቸውም ይጠበቅ።